ቲኒተስ ምንድን ነው? ለ«ጭንቀት ነው» ባዮች

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንድ ልጅ ማታ ማታ ጆሮው እንደሚጮህበት፣ ለወራት ይወስደው የነበረውን የእንቅልፍ ኪኒን ካቆመ ወዲህ ደግሞ እንደባሰበት ጽፎ «እባካችሁ ምን ይሻለኛል?» ይላል። አንድ ጠቢብ ወዲያው መለሰለት። «ይሄ ቲኒተስ ይባላል ወንድሜ። ጭንቀት ነው። እውነተኛ ድምፅ አይደለም፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው። ኪኒን የሚባል ነገር ጣልና ተረጋጋ።»

ፋርማሲስት ነኝ። ይህችን ምክር በተለያየ መልኳ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርስም። ዛሬ ግን በቃኝ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፣ ማቃጨል እንደማለት። ከውጭ የሚጮህ ነገር ሳይኖር ድምፅ መስማት ነው። አንዱን ሲር ይልበታል፣ ሌላውን ጭው፣ ሌላው ፊሽካ ይሰማዋል። «ጆሮዬ ጮኸ፣ ማን እያነሳኝ ይሆን?» ብለን የምናልፋት ጩኸት እንኳ የዚሁ ዘመድ ናት። ከ100 አዋቂዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ዘለግ ያለው ዓይነት አለባቸው። ይሄ የታወቀ ነው፣ ልለፈው።

ቲኒተስ ግን የምልክት ስም ነው፣ እንደ ሳል። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ሳል ይባላል» ተብላችሁ ብትሸኙ ምን ትላላችሁ? የጆሮ ኩክም ያመጣዋል፣ ለዓመታት የወፍጮ ቤት ጩኸት የጎዳው ጆሮም፣ ዕድሜም፣ መድኃኒትም። ስሙን ማወቅ መንስኤውን ማወቅ አይደለም።

አሁን ወደ «ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ልምጣ። ሰውዬው ማለት የፈለገው «የለም» ነው። ድምፁ አንጎል ውስጥ መሠራቱ እኮ እውነት ነው፣ ግን የጥርስ ሕመምም የሚሰማው አንጎል ውስጥ ነው፣ ማን ነው የጥርስ ሕመምተኛን «የለም» የሚለው? በቀዶ ሕክምና የመስማት ነርቫቸው ከተቆረጠ ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ ጩኸቱን መስማት አላቆሙም። ጆሮ መላክ ሲቀንስ አንጎል ቮሊዩሙን ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግሞ የራሱን ጫጫታ ይሰማል።

በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስማታቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። በ5 ደቂቃ ውስጥ 94 በመቶው የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። (በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል፣ ይህን ካልጻፍኩ የሙያ ጓደኞቼ አይለቁኝም።) ዋናው ነገር ጫጫታው አብዛኞቻችን ውስጥ መኖሩ ነው። አንጎል ግን አይነግረንም።

የማይነግረን ዘበኛ ስላለው ነው። ደህና ዘበኛ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ቤተሰቡን አይቀሰቅስም። ሰፈር ውስጥ ሌባ ገብቷል ሲባል ግን ያው ዘበኛ ኮሽ ባለ ቁጥር በር ያንኳኳል። ውሻው ጩኸቱን አልጨመረም። ጭንቀት ማለት ይሄ የሌባ ወሬ ነው። ባለቤቱ ደግሞ በተቀሰቀሰ ቁጥር ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ዘበኛው «ለካ ጉዳይ አለ» ብሎ ይበልጥ ይነቃል። ለዚህ ነው «አታስበው» የሚባለው ምክር የማይሠራው። አታስበው የተባለ ሰው ምን እንደሚያስብ እናውቃለን።

መወጠርም አለ፣ ይሄኛው ቃል በቃል የጡንቻ ነው። ጥርስህን ነክሰህ የምታድር ከሆነ ወይ አንገትህ ድርቅ ብሎ የምትውል ከሆነ፣ ከመንጋጋና ከአንገት የሚነሱ ነርቮች አንጎል ግንድ ላይ ከመስማት መስመር ጋር ይገናኛሉ። አገጭህን ወደፊት ግፋውና ስማ። ብዙ ሰው ላይ ድምፁ ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። «የለም» የተባለ ነገር በመንጋጋ ይቀያየራል እንዴ?

አሁን የኔ ሰፈር ደረስን፣ ኪኒኑ።

ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ክሎናዜፓም ሁሉም ቤንዞዳያዜፒን የሚባል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ያግዛሉ። በዘበኛው ብንሄድ፣ አላስተኛ ላለው ዘበኛ ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ መስጠት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ነው፣ ሁሉም ይተኛል። ዘበኛው ግን ሥራው መንቃት ነውና አረቄውን ለመቋቋም ከጎኑ ቡና መጠጣት ይጀምራል። አንድ ስኒ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ጀበናውን በሙሉ። ከወራት በኋላ አረቄም ቡናም ጠጥቶ እንደ ድሮው ነው። እናንተ አንድ ቀን ተነስታችሁ አረቄውን ስትደፉበት ቡናው ይቀራል። ያኔ የጉንዳን ኮቴ ይሰማዋል። ጆሮ ይጮሃል፣ የማንኪያ ድምፅ ያማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። (ምሳሌዬን ብዙ እንደጎተትኩት አውቃለሁ፣ ደግሞም አረቄ ራሱ ጋባ ላይ ስለሚሠራ ከኪኒኑ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ትንፋሽ ያቆማል።)

ስለዚህ «ኪኒኑን ጣል» ያልከው ወንድሜ፣ በድንገት መጣል የሚያመጣው የጆሮ ጩኸት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ባንዴ ሲያቋርጥ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል፣ ሰው ሊሞትበትም ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. በዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ላይ ሁሉ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው ለዚሁ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የወጣ የሐኪሞች መመሪያ መጠኑ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ እየተቀነሰ እንዲጀመር ይመክራል። ይህን የሚያደርገው ሐኪም ነው፣ እኔም አይደለሁም።

ሌላውን ጫፍ የያዙም አሉ፣ «መድኃኒቱ ጆሮዬን ገደለው» የሚሉ። ሲቋረጥ የሚመጣው ጩኸት ብዙውን ጊዜ የተጎዳ ጆሮ ምልክት አይደለም፣ ዘበኛው ቡናውን እስኪተው ድረስ ነው። ሳምንታትም ወራትም ይፈጃል፣ ጥቂቶች ላይ ከዚያም ይዘልቃል። ጆሮን በትክክል የሚጎዱት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ ጄንታማይሲንና አሚካሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች፣ የካንሰር መድኃኒቱ ሲስፕላቲን። ይህን ያነበበ ሰው ግን የታዘዘለትን መርፌ ትቶ እንዳይቀር፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። አስፕሪን በብዛት፣ ኩዊኒንም ያስጮሃሉ፣ እነዚህ ሲቆሙ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ቡና ተው የሚሏችሁንም ቀስ በሉ በሏቸው። ቡና ማቆም ጩኸቱን እንደሚቀንስ አሳማኝ ማስረጃ የለም፣ በድንገት የተተወ ቡና ራስ ምታቱ ግን የታወቀ ነው።

ለቲኒተስ ማጥፊያ የሚሆን የተረጋገጠ ኪኒን የለም። ጠብታ ሻጮች ሆይ፣ እናንተንም ነው። ጥሩ ማስረጃ ያለው ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ፣ አንጎል ድምፁን እንደ አደጋ እንዳይቆጥረው የሚያሠለጥን ሕክምና ነው። መስማት ለቀነሰበት የመስሚያ መሣሪያም ያግዛል። ጩኸቱ ባንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር አብሮ ዱብ ዱብ ካለ ወይ ከማዞር ጋር ከመጣ አንገት በላይ ሐኪም ይየው። መስማት በድንገት ከጠፋ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ለነገ አይባልም።

አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለሁለት ዓመት ማታ ማታ ባለ 5 ሚሊግራም ዲያዜፓም ይወስዳሉ። ጎረቤት «ሱስ ነው፣ ይጣሉት» አለቻቸው፣ እሑድ ጣሉት። ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስለዚህ ሰኞም ማክሰኞም ደህና ነበሩ። ሐሙስ ሌሊት ጆሯቸው ጀመረ። ኪኒኑ ነው ብለው ግን በምን ይጠርጥሩ? አርብ መስኮቴ ጋ ቆመው ባዶውን ስትሪፕ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ጀበና ሊገነፍል ሲል የሚያሰማውን ታውቀዋለህ? እሱ ነው። ሁለቴ ተነስቼ ምድጃውን አየሁት፣ ጠፍቷል።» እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «እማማ፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ» አልኳቸው፣ የቤታቸውን ልጅ ደውዬ ጠራሁ። ሐኪማቸው መልሶ አስጀመራቸውና በወራት ቀስ እያለ አስለቀቃቸው።

ከዓመት ምናምን በኋላ የስኳር መድኃኒት ሊገዙ መጡ። «ጩኸቱስ እማማ?» አልኳቸው። «አለ እንጂ፣ አልፎ አልፎ። ብቻ ምድጃ ላይ አልነሳለትም።» ከዚያ በመድኃኒቱ ዋጋ ይሟገቱኝ ጀመር።