የሉዊ ፊሊፕ መስታወት ምንድን ነው?

የድሮ የፈረንሳይ ዕቃ የምትወዱ ከሆነ ይህን ስም መስማታችሁ አይቀርም። ሉዊ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1848 ፈረንሳይን የገዛ ንጉሥ ነው። የመስታወቱ ስም የመጣው ከእሱ ዘመን ነው።

መለየት ቀላል ነው። የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ክብ ናቸው፣ የታችኞቹ ግን ቀጥ ያሉ። ታቹ ደልደል ስላለ ከእሳት ማንደጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ በደንብ ይቆማል።

እኔን የሚገዛኝ ፍሬሙ ነው። እንጨቱ ላይ ጄሶ፣ ጄሶው ላይ ቀይ ሸክላ ይቀባል፣ ከዚያ በትንፋሽ የሚበር ስስ ወርቅ ወይም ብር ይለጠፍበታል። ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብዙ እጅ የነካካው ቦታ ላይ ወርቁ ሳስቶ ቀዩ ብቅ ብሏል። እባካችሁ ያንን በወርቃማ ቀለም አትሸፍኑት!

መስታወቱም እንደዛው። በዚያን ጊዜ ጀርባው የሚለበጠው ቆርቆሮ ከሜርኩሪ ጋር ተዋህዶ ነበር፤ በብር የመለበጥ ዘዴ ገበያውን የያዘው በኋላ ነው። ለዚህ ነው የድሮው መስታወት ፊትን ትንሽ ጠቆር፣ ለስለስ አድርጎ የሚያሳየው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ የሚጥለው። ብዙ ሰው “ተበላሽቷል” ብሎ በአዲስ ያስቀይረዋል፤ ያኔ የቀረው ፍሬም ብቻ ነው። ብቻ ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ጀርባውን አትፋቁት።

ትንሽ ከሆነ የት ይሰቀል? ሰፊ ባዶ ግድግዳ ላይ ብቻውን ይጠፋል። በሁለት መስኮቶች መካከል ያለች ጠባብ ግድግዳ ትስማማዋለች፣ ከሥዕሎች ጋር ተደባልቆም ያምራል፣ መደርደሪያ ላይ ከመጻሕፍት አጠገብ ዘንበል ብሎ ቢቀመጥም እንዲሁ። ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ግን አንድ ሰው ቦታው ላይ ይያዝላችሁና እናንተ ሁሌ የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ሆናችሁ ምን እንደሚታይበት እዩ። መስኮት ወይም አበባ ከታየ ስቀሉት። የቁምሳጥን ጀርባ ከታየ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማታ ፊቱ ትንሽ መብራት አድርጉና ወርቁ እንዴት እንደሚሞቅ ታያላችሁ።

ስታጸዱት ፈሳሽ አትርጩበት፣ ወደ ታች ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ይገባና ልባጡን ከዳር ይበላዋል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ወርቁንማ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኩት፣ ተነስቶ ጨርቁ ላይ ይቀራል።