የካናቢስ ቅጠል ጠርዝና የአዳቃዮች ዓይን

ካናቢስን በአካል ያላየ ሰው እንኳ ቅጠሉን በቲሸርት ላይ አይቶታል። እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ነው፤ የጣቶቹም ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ጣቶቹ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 9 ናቸው፤ አንዳንዴ 13 ይደርሳሉ።

ይህ መልክ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ሁለት ቅጠሎች ጠርዛቸው ልሙጥ ነው። ቀጥለው የሚወጡት ጥርስ ቢኖራቸውም ባለ አንድ ጣት ናቸው። ከዚያ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይጨምራል፤ ተክሉ ሲያብብ ደግሞ ይቀንሳል። ያበበ ተክል ረጅም ብርሃን አግኝቶ እንደገና ቅጠል ወደ ማውጣት ከተመለሰ፣ ክብ ክብ ያሉና ጥርስ አልባ ቅጠሎች ያወጣል። ጀማሪ አዳቃይ ይህን አይቶ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ!» ቢል አይፈረድበትም። ሙቀት ሲበዛበት ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ማዳበሪያ ሲበዛበት ጫፉ ይቃጠላል። እነዚህ ሁሉ በዘር አይተላለፉም።

የሚተላለፍም አለ። ዝነኛው «ዳክስፉት» ነው፣ የዳክዬ እግር እንደማለት። በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለተሞላ ከሩቅ ካናቢስ አይመስልም። ተደብቀው የሚያበቅሉ ሰዎች የወደዱትም ለዚሁ ነው። ባሕርይው ድብቅ ነው። ከተለመደው ዓይነት ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ባለ ጣት ይሆናሉ። እነሱ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ከ4 አንዱ ገደማ የዳክዬ እግሩን ይዞ ይመጣል። የዘር ውርስን ያጠናው ሜንዴል በአተር ያሳየው ስሌት ነው። በአውስትራሊያ የሚታወቅ ሌላ ዓይነት ደግሞ ቅጠሉ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጥርሱ እምብዛም አይታይም።

ለአዳቃይ ትልቁ ጥቅም ምልክቱ ገና በችግኝነት መታየቱ ነው። የካናቢስ ወንዴና ሴቴ በአብዛኛው ለየብቻ ናቸው፤ የአበባ ዱቄቱንም ነፋስ ይወስደዋል። ከንጹህ ዳክስፉት እናት በተሰበሰበ ዘር መካከል ባለ ጣት ችግኝ ብቅ ካለ፣ ከጎረቤት ማሳ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። አበባ መጠበቅ ሳያስፈልግ ይነቀላል።

ከዚህ አልፎ ቅጠሉን ስለ ንጥረ ነገሩ መጠየቅ ከንቱ ነው። ቲኤችሲ፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ በብዛት የሚመረተው በሴቴዋ አበባ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ነው፤ መጠኑም በላብራቶሪ ነው የሚለካው። በሻጮች ዘንድ ካናቢስን ሳቲቫና ኢንዲካ ብሎ በሁለት የሚከፍል፣ «ቀጭን ቅጠል ሳቲቫ፣ ሰፊ ቅጠል ኢንዲካ» የሚል አነጋገር አለ። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ በ1785 እ.ኤ.አ. ኢንዲካ ብሎ የሰየማት የህንድ ተክል ግን ራሷ ባለ ቀጭን ቅጠል ነበረች።