የሁለት አገሮችን ደመወዝ ስናነጻጽር፦ በሀዋሳ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ናይሮቢ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክም ያላት ከተማ በመሆኗ፣ የደመወዝ ንጽጽር እዚህ የዕለት ተዕለት ጨዋታ ነው። ኬንያ ስንት ይከፈላል፣ ሳዑዲስ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ሰርቪስ በሚጠብቁ ሠራተኞችም ሆነ ልጃቸውን ወደ ውጭ ለመላክ በሚያስቡ ወላጆች መካከል ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚነጻጸሩት ቁጥሮች ግን ብዙውን ጊዜ የተለያየ ነገር የሚለኩ ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ስሌት ተመርቶ ሥራውን የሚለቅ ወይም አገሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው የሚደርስበት ጉዳት ደግሞ ቀላል አይደለም።

«በኢትዮጵያ ዝቅተኛው ደመወዝ በሕግ ተቆርጧል»

በግሉ ዘርፍ ለሚሠራ ሰው ይህ እውነት አይደለም። በዜና የሚሰማው ቁጥር የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ መነሻ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሆቴል አስተናጋጅ ወይም የቤት ሠራተኛ በዚህ ስኬል አይሸፈኑም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥትና የሠራተኞች ተወካዮች ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር የሚገኙበት፣ ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት የሚወስን ቦርድ እንደሚኖር ይደነግጋል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ይህ በሥራ ላይ እንዲውል በየጊዜው ጠይቋል። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት ለግሉ ዘርፍ አንድም ወለል፣ ማለትም ከእሱ በታች መክፈል የማይቻልበት መነሻ፣ አልተቀመጠም። ስለዚህ 6,000 ብርን ከኬንያ ዝቅተኛ ደመወዝ ጎን ማስቀመጥ የእኛን የመንግሥት ቢሮ ከጎረቤት አገር ፋብሪካ ጋር እንደማወዳደር ነው።

«የሀዋሳ ሠራተኛ የምታገኘው 26 ዶላር ብቻ ነው»

ይህ ቁጥር የወጣው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሀዋሳ ፓርክ ካሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የኢትዮጵያን የወር 26 ዶላር ከባንግላዴሽ 95 እና ከኬንያ 207 ዶላር ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቁጥሩ በወቅቱ ትክክል ነበር፤ ክፍያውም አሳፋሪ ሊባል የሚችል ዝቅተኛ ክፍያ ነበር። ነገር ግን ምን እንደሚለካ ሳይታወቅ እስከ ዛሬ ይደጋገማል።

26 ዶላር በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ የሆነ መነሻ ደመወዝ ነው። የአንዲት የማሽን ኦፕሬተር የደመወዝ ወረቀት ግን በመነሻው ቢጀምርም በእሱ አያበቃም። በአንድ በኩል ቀን ሳይቀሩ ለሚሠሩ የሚከፈል የአቴንዳንስ አበል፣ ምግብና ሰርቪስ ይጨመራሉ፤ ትርፍ ሰዓት ከሠራችም በአዋጁ መሠረት የቀኑ በ1.5፣ የሌሊቱ በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይታሰብላታል። በሌላ በኩል ከ750 ብር ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 52 ብር ከ50 ሳንቲም፣ እንዲሁም በወቅቱ የግብር ሕግ ከ600 ብር በላይ ባለው ላይ የሚጣለው 10 በመቶ፣ ማለትም 15 ብር ሲቀነስ፣ እጇ ላይ የሚቀረው መነሻ 682 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ያቺው ሠራተኛ ታማ ብትቀር የአቴንዳንሱ አበል ሊቀርባት ይችላል። ብዙዎቹ ሴቶች ከገጠር መጥተው ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩት በዚህ ገቢ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሙሉ ገቢዋን አሳንሶ፣ ተቀናሹን ደግሞ ደብቆ ያሳያል፤ በሁለቱም በኩል ስለ ኑሮዋ ትክክለኛውን አይናገርም።

«ወደ ዶላር ከቀየርነው ንጽጽሩ አለቀ»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ወር በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሰው በአሮጌው ተመን ወደ 53 ዶላር፣ በ120 ብር ሲሰላ ደግሞ 25 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ደመወዙ በብር አልተነካም። የቤት ኪራዩም ሆነ የባጃጅ ሒሳቡ በአንድ ጀምበር እጥፍ አልሆነም፤ ዘይትና መድኃኒት የመሳሰሉት ግን የምንዛሪው ጫና ቶሎ የሚያርፍባቸው ናቸው። የዓለም ባንክና ሌሎች ተቋማት በመግዛት አቅም የተስተካከለ ምንዛሪ፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ ታይቶ የሚሰላ ተመን፣ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱም ቢሆን የአገር አማካይ ዋጋ እንጂ የሀዋሳን ኪራይ ለይቶ አያሳይም።

«ኬንያ አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ አላት»

የኬንያ ተመን እንደ ከተማውና እንደ ሙያው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከተደረገው የ6 በመቶ ጭማሪ በኋላ የናይሮቢና የሌሎች ታላላቅ ከተሞች ተራ የጉልበት ሠራተኛ ወለል ከ16,000 ሽልንግ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከከተሞች ውጭ ባሉ አካባቢዎች ግን ወደ ግማሹ ገደማ ይወርዳል። ከእሱም ላይ ለጡረታ፣ ለጤና መድን 2.75 በመቶ፣ ለቤት ግንባታ 1.5 በመቶ ይቀነሳል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከአሥር ኬንያውያን ሠራተኞች ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጁዋ ካሊ በሚባለው መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ መሰማራታቸው ነው። በሞያሌ በኩል ያለ ወረቀት ተሻግሮ ሥራ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የሚገባው እዚያው ዘርፍ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ተመኑን የሚያስከብርለት የለም።

«አማካይ ደመወዝ ማለት ብዙው ሰው የሚያገኘው ነው»

በአንድ ድርጅት ዘጠኝ ሰዎች 5,000 ብር፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ 105,000 ብር ቢያገኙ አማካዩ 15,000 ብር ይሆናል፤ ይህን ደመወዝ የሚያገኝ ግን አንድም ሰው የለም። ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ መሐል ላይ የሚገኘው 5,000 ብር ነው፤ ንጽጽሩም ሲቻል በዚህ መሐከለኛ ደመወዝ ቢሆን ይሻላል። የነፍስ ወከፍ ገቢን ለ12 አካፍሎ «የወር ደመወዝ» ማለት ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፤ ያ ቁጥር የአገሩ ጠቅላላ ምርት ለሕዝቡ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ ሲካፈል የሚገኝ ነው።

«ወለል የሌለው አገር ደመወዙ ዝቅተኛ ነው»

ስዊድን፣ ዴንማርክና ኖርዌይ በአገር አቀፍ ሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የላቸውም። ክፍያው የሚወሰነው ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር በሚዋዋሉት የኅብረት ስምምነት ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ ፌዴራል ወለል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው፤ ብዙ ግዛቶች ግን ከዚህ ከፍ ያለ የራሳቸውን ተመን አውጥተዋል።

«ሳዑዲ ዝቅተኛው 4,000 ሪያል ነው»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ደላሎች የሚጠሩት ቁጥር ነውና። 4,000 ሪያል አንድ ሳዑዲያዊ ዜጋ በድርጅቱ የዜጎች ኮታ፣ ማለትም ድርጅቱ ሊቀጥራቸው በሚገባ የአገሬው ሰዎች ድርሻ፣ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ እንዲቆጠር የሚጠየቀው ደመወዝ ነው። ለውጭ አገር ሠራተኛ የተቀመጠ ወለል አይደለም። የቤት ሠራተኞች ከነጭራሹ ከአገሪቱ የሥራ ሕግ ውጭ ሆነው በሌላ ደንብ ይተዳደራሉ። ኳታር በበኩሏ ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጭምር የሚያካትት 1,000 ሪያል፣ ማለትም ወደ 275 ዶላር የሚጠጋ ወለል አላት፤ አሠሪው ምግብና መኖሪያ ካላቀረበም 300 እና 500 ሪያል ይጨምራል። ወደ ሳዑዲ የምትሄድ የሀዋሳ ልጅ ግን የምትጠይቀው ደመወዝ ከመሄዷ በፊት በፈረመችው ውል ላይ የሰፈረውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ደላላው በቃል የነገራትን ትታ በውሉ ላይ በአኃዝና በፊደል የተጻፈውን፣ የሥራ ሰዓቱንና የዕረፍት ቀኑን ጭምር፣ በምታውቀው ቋንቋ አንብባ መፈረም አለባት።