«ሜሴጅ ደግሞ ስኳር ያወርዳል እንዴ?»

አክስቴ ባለፈው ክረምት ስኳሯ ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ድንገተኛ ክፍል አደረች። ሲወርድላት «አብሽሪ» ተባለችና ወደ ኩታበር ተሳፈረች። በሳምንቱ ኢንሱሊኑን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።

«ከወረደ አለቀ» የሚባለው ነገር ይኸው ነው። አላለቀም። ድንገተኛ ክፍል የሚያወርደው የዕለቱን ነው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በራሱ ሲያቆም ስኳሩ ተመልሶ ይወጣል፣ ሲብስም ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀምና ትውከቱም አልጋውም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስለዚህ ማታ ማታ አጭር ሜሴጅ እልክላት ጀመር። ቤተሰቡ ሳቀብኝ፤ «ሜሴጅ ደግሞ ስኳር ያወርዳል እንዴ?» እያለ። ከኪሴ ያወጣሁት ሐሳብ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 128 የስኳር ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ቡድን ለ6 ወር በቀን 2 ሜሴጅ ላኩ። ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት) ሜሴጅ በደረሳቸው በ1.05 ከመቶ፣ ባልደረሳቸው በ0.6 ወረደ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልዩነቱ «የሜሴጁ ነው» ብሎ ለመማል አይበቃም። ሜሴጅ የደረሳቸው ሰዎች መድኃኒት አወሳሰድ ግን፣ ከ8 በሚታሰብ መለኪያ፣ 4.5 የነበረው 5.4 ገባ። እና ሳቂዎቹ ግማሽ ልክ ናቸው፦ ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊኑ ነው፣ ሜሴጁ ኢንሱሊኑን ያስታውሳል።

ደግሞ ለውጡ ጎልቶ የታየው በስፓኒሽ በተላከላቸው ላይ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሆን ይገባል መሰለኝ። እኔም «ጣፋጭ ይቀንሱ» ብዬ አልጽፍም፤ «ቡናሽ ላይ ስንት ማንኪያ ጨመርሽ? እግርሽንስ አየሽው?» ነው የምላት።

ስማርት ስልክ? አያስፈልግም፣ ባለ ቁልፏ ትበቃለች፣ ዳታም አትበላም። ማንበብስ? አክስቴ አትችልም፤ ልጇ ታነብላታለች።

አደገኛው አመለካከት «ሜሴጅ ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል» የሚለው ነው። ረመዳን ሲገባ የሜሴጁን ሰዓት እቀይራለሁ፣ የኢንሱሊኑን መጠን ግን የምትወስነው ሐኪሟ ናት። ላብ ካጠመቃትና ከተንቀጠቀጠች ደግሞ ስልክ መነካካት የለም፦ ስኳሯ ወርዶ ይሆናልና 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አይሰጥም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ትናንት በልጇ እጅ መልስ ላከችልኝ፦ «ተወግቻለሁ፣ አትጨቅጭቀኝ።»