የቻይንኛዋ «ለ» ምንድን ናት?

ማንዳሪን ቻይንኛ ግሥ አይለዋውጥም። በላሁ፣ ትበያለሽ፣ ይበሉ ነበር፣ ሁሉም ያው «ች» ነው። የጎደለውን የሚሞሉት ብቻቸውን የማይቆሙ፣ ላላ ተደርገው የሚነገሩ አጫጭር ቃላት ናቸው። «ማ» ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ታደርገዋለች፤ «ባ» «እንሂድ እስኪ» ዓይነት ለዘብ ያለ ሐሳብ ታቀርባለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ተማሪ ከሁሉ አብልጣ የምታንገላታው ግን «ለ» ናት። ድምፅዋ ከእኛው «ለ» ብዙም አይርቅም።

እንግሊዝኛ ግሥ በተነሳ ቁጥር ጊዜው እንዲለይ ያስገድዳል። ስለዚህ ተማሪው «ዎ ች ለ ልያንግ ገ ፒንግጉዎ» (ሁለት ፖም በላሁ) የሚለውን ሲሰማ፣ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ «ትናንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር» ለማለት «ዎ ዙዎትየን ኸን ማንግ ለ» ይላል። ስህተት ነው። «ዙዎትየን» (ትናንት) ጊዜውን ተናግሮ ጨርሷል፤ «ለ» ምንም ሥራ የላትም። «ልጅ ሳለሁ በየቀኑ እዋኝ ነበር» በሚል የልማድ ወሬም እንዲሁ አትገባም። በሌላ በኩል «ነገ ከክፍል ወጥቼ እደውላለሁ» ሲባል፣ ነገሩ ገና ነገ ሆኖ ሳለ፣ «መውጣት» የሚለው ግሥ ላይ ትለጠፋለች። የእኛም «ወጥቼ» መውጣቱ ከመደወሉ እንደሚቀድም እንጂ ትናንት ይሁን ነገ አይናገርም።

«ለ» ሁለት ሥራ አላት። ግሥ ተከትላ ስትመጣ ድርጊቱ ተጠናቀቀ ማለት ነው። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስትመጣ ደግሞ አዲስ ነገር መኖሩን ታበስራለች። በመስኮት ወደ ውጭ ያየ ሰው «ሽያ ዩ ለ» ሲል፣ ቀድሞ ያልነበረ ዝናብ መጣ ማለቱ ነው፤ ዝናቡ እየወረደ ቢሆንም። የቋንቋ ሊቃውንቱ ቻርልስ ሊ እና ሳንድራ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ይህችን ሁለተኛዋን «ለ» የገለጿት አሁን ለተያዘው ጉዳይ የሚያገባ ሁኔታን እንደምታመለክት አድርገው ነው። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መግቢያ የለም።

ልዩነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል። «ዎ ሽዌ ለ ሳን ንየን» ማለት «ሦስት ዓመት ተማርኩ» ነው። መጨረሻው ላይ ሌላ «ለ» ጨምሩበት፦ «ዎ ሽዌ ለ ሳን ንየን ለ»። አሁን «መማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ» ሆነ፤ ትምህርቱ ገና እንደቀጠለ ነው።

አሉታ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «አልበላሁም» «ዎ ሜይ ች» ነው፤ «ሜይ» ስትገባ የድርጊት መጠናቀቅን የምትነግረው «ለ» ትወጣለች። ተማሪው ግን ወሬው ያለፈ ነው ብሎ መልሶ ይጨምራታል። «ቡ ች ለ» ግን ትክክል ነው፤ ጋባዡ ሳህንዎ ላይ ሲደራርብ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልበላም» ማለት ነው። እስካሁን ሲበሉ ነበር፣ አሁን ተለወጠ።

በር ላይ ቆሞ «ዎ ዞው ለ» (ሄድኩ) የሚል ሰውም ገና አልሄደም። እኛ ሲጠሩን ከመቀመጫችን ሳንነሳ «መጣሁ!» እንደምንለው ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ቀድሞ የሚገባው ይመስለኛል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት «ለ ማለት ኃላፊ ጊዜ ነው» ብሎ ማስተማር ተማሪውን ይጎዳዋል፤ ያንን ለመንቀል ከመማሩ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። «ሽያ ዩ ለ»፣ «ቡ ች ለ»፣ «ታይ ጉዊ ለ» (በጣም ውድ ነው!) የመሳሰሉትን እንዳሉ አፍ ውስጥ ማስገባትና በየጊዜው «ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ረጅም ታሪክ መተረክ ግን የበረቱትንም ይፈትናል፦ ተነሣ፣ ለበሰ፣ ወጣ እያለ በሚሄድ ትረካ ውስጥ ቻይናዊው በየግሡ ላይ «ለ» አይደረድርም፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ አንዷን ያኖራል።