የኮምፒውተር ዘር መረጣ፦ የዘረመል ስልተ ቀመር ከጎንደር ሲታይ

የዘረመል ስልተ ቀመር ለአንድ ችግር ብዙ መልሶችን በአንድ ጊዜ የሚያበቅል፣ የተሻሉትን ለዘር የሚያስቀር፣ እርስ በርስ የሚያዳቅልና ደካማውን የሚጥል የኮምፒውተር የፍለጋ ዘዴ ነው። ስያሜው ከባዮሎጂ ይምጣ እንጂ የሥራው ጠባይ ለጎንደር ዙሪያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ማሽላው ሲደርስ ማሳውን እየዞረ ራሱ የሞላውን፣ ወፍና ተባይ ያልደፈረውን ይለያል፤ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ጭስ ያጠግበዋል፤ ለከርሞ የሚዘራው ያንኑ ነው። ስለ ዘረመል ማንም አላስተማረውም፤ የሚፈልገውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። በኮምፒውተሩም ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይኸው ነው፦ የሚፈለገውን ሳያዛቡ መናገር።

የዘርፉ ታሪክ ባጭሩ ይህን ይመስላል (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አለን ቱሪንግ በ1950 ስለሚያስቡ ማሽኖች ሲጽፍ ማሽንን ማስተማርን ከዝግመተ ለውጥ ጋር አመሳስሎታል። በ1960ዎቹ ኢንጎ ሬሸንበርግና ሃንስ ፖል ሽዌፈል በበርሊን፣ ሎውረንስ ፎገል ደግሞ በአሜሪካ ተቀራራቢ ዘዴዎችን ለየብቻ አዳበሩ። የዘረመል ስልተ ቀመርን መሠረት ያስያዘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ጆን ሆላንድ ሲሆን ዋና መጽሐፉ በ1975 ታተመ። ጆን ኮዛ በ1992 ባወጣው ሥራው ሐሳቡን ወደ ፕሮግራሞች አሻገረው፤ የሚዳቀሉት ቁጥሮች ሳይሆኑ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሆኑ።

ማዳቀል ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ጤፍን መመልከት ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ የተገኘው ምርታማውን ዱከም የተባለ ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል ነው። ሆላንድም ተስፋ የጣለው በዚሁ ላይ ነበር፦ በተለያዩ መልሶች ውስጥ ተበታትኖ ያለው መልካም መልካሙ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኝ ይችላል።

አሠራሩን በምሳሌ እንከተለው። ከጎንደር ከተማ ክትባት የጫነች መኪና 15 ጤና ጣቢያዎችን አዳርሳ በረዶው ሳይሟሟ መመለስ አለባት እንበል። ጣቢያዎቹን መጎብኘት የሚቻልባቸው ቅደም ተከተሎች 1,307,674,368,000 ናቸው። በሰከንድ 1 ሺህ መንገድ የሚመዝን ፕሮግራም ሁሉንም አንድ በአንድ ልመዝን ቢል ከ41 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የዘረመል ስልተ ቀመር ግን በዘፈቀደ ከተሠሩ ምናልባት 100 መንገዶች ይነሣል። እያንዳንዱን ይመዝናል፤ ለተሻለው ብዙ የመዋለድ ዕድል ይሰጠዋል፤ ልጆቹን መልሶ ይመዝናል፤ እንዲህ እያለ በመቶዎች የሚቆጠር ትውልድ ያሳልፋል።

ነገሩ የሚጣፍጠው ወደ ማዳቀሉ ሲገባ ነው። ስድስት ቦታዎችን ብቻ እንውሰድ። አንደኛው ወላጅ አዘዞ፣ ቆላ ድባ፣ ጯሂት፣ ጎርጎራ፣ ማክሰኝት፣ ዳባት ይላል። ሁለተኛው ዳባት፣ ጎርጎራ፣ አዘዞ፣ ማክሰኝት፣ ጯሂት፣ ቆላ ድባ ይላል። ሁለቱን መካከላቸው ላይ ቆርጠን የአንደኛውን ፊት ከሁለተኛው ኋላ ጋር ብንቀጥል ቆላ ድባንና ጯሂትን ሁለት ሁለት ጊዜ የሚጎበኝ፣ ጎርጎራንና ዳባትን ጭራሽ የሚረሳ ልጅ ይወለዳል። የሁለት ከተሞች ሕፃናት ያለ ክትባት ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ለቅደም ተከተል የሚስማማ ሌላ አዳቃይ ተበጀ፦ የአንደኛው ወላጅ ፊት እንዳለ ይያዝና የጎደሉት ቦታዎች በሁለተኛው ወላጅ ተራ ይሞላሉ። ልጁ አዘዞ፣ ቆላ ድባ፣ ጯሂት፣ ዳባት፣ ጎርጎራ፣ ማክሰኝት ይሆናል። ማንም አልተረሳም፤ ነገር ግን ከጯሂት በሰሜን ወዳለው ዳባት ወጥቶ እንደገና በደቡብ ወዳለው ጎርጎራ መውረድ ነዳጅ ማባከን ነው። እዚህ ላይ ድንገተኛው ለውጥ፣ ማለትም በልጁ ላይ በዘፈቀደ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ፣ ይገባል። በአጋጣሚ ዳባትና ጎርጎራ ቦታ ቢለዋወጡ መንገዱ ከጯሂት ቀጥ ብሎ ጎርጎራ ይወርዳል፤ ይህን ልጅ ሚዛኑ ያነሣዋል። ፕሮግራሙ ካርታ አንብቦ አልተረዳም፤ ሲመዘን የበለጠውን ብቻ አስቀረ።

እንግዲህ ሚዛኑ ላይ ደረስን። መለኪያው ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ስልተ ቀመሩ በክረምት የደምቢያ ዋልካ አፈር የሚውጠውን አቋራጭ ያለ ማመንታት ይመርጣል፤ ጭቃ መኖሩን የነገረው የለምና። ኤድሪያን ቶምፕሰን በ1996 በእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ሙከራ ለዚህ የማይረሳ ማስረጃ ነው። እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ወስዶ 1 እና 10 ኪሎ ኸርዝ ድምፆችን የሚለይ ሰርኪዩት በዝግመተ ለውጥ እንዲበቅል አደረገ። ሰርኪዩቱ ሠራ። ሲመረመር ግን ከቀሪው ጋር በሽቦ ያልተያያዙ ክፍሎች ተገኙ፤ እነርሱ ሲነሡ ሥራው ይታወካል። ማንም መሐንዲስ ያላሰበውን የቺፑን አካላዊ ጠባይ ስለተጠቀመ፣ ሌላ ቺፕ ላይ ሲወሰድ ወይም ሙቀቱ ብዙ ሲለወጥ ይቸገር ነበር። የተጠየቀውን አድርጓል፤ ያልተጠየቀው አልገደደውም። መለኪያው በሚገባ ሲበጅ ውጤቱ የሰው እጅ የማይደፍረው ሊሆን ይችላል። ናሳ በመጋቢት 2006 ወደ ጠፈር የላካቸው ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች በዚህ ዘዴ የተነደፈ፣ እንደ ተጣመመ ሽቦ ያለ አንቴና ነበራቸው።

በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር በሚደረግበት ዘርፍ፣ ውስጥ ዘዴው ብዙ መግቢያ አለው። ኬኔት ስታንሊና ሪስቶ ሚኩላይነን በ2002 የኒውራል ኔትወርክን (የአንጎልን ነርቮች መረብ አርአያ ያደረገ ፕሮግራም) የግንኙነት ክብደት ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም አብሮ የሚያሳድግ ስልት አቀረቡ። ለጎንደር ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከብዙ መረጃዎች መካከል የሚጠቅሙትን የመለየት ሥራ ይመስለኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው፣ ወባ በደምቢያ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ዛሬ ሆስፒታሉ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ በረሃ ወርደው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) የያዛቸውን ሠራተኞች ያክማል፤ ኢንፎርማቲክስም (የኮምፒውተርና የመረጃ ትምህርት) በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊሠራ እንደሚችል እናስብ። ስለ አንድ ታማሚ የትኩሳቱ ቆይታ፣ የጣፊያው እብጠት፣ የክብደቱ መቀነስ፣ የደም ምርመራው እየተባለ 20 መረጃ ቢያዝ፣ ከእነዚህ የሚወጡት ጥምረቶች 1,048,575 ናቸው። አንዱን ጥምረት ለመፈተን 1 ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ሁሉንም መሞከር 2 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ጥምረቶቹን ማዳቀል ፍለጋውን ወደ ጥቂት ሌሊቶች ሊያወርደው ይችላል።

እዚህም ሚዛኑ ይፈርዳል። ከ100 ሰዎች 5ቱ ብቻ ታማሚ ቢሆኑ፣ ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ፕሮግራም 95 በመቶ ልክ ነው፤ አምስቱን ግን ለሞት ይሰጣል፤ ያልታከመ ካላዛር ገዳይ ነውና። ያመለጠ ታማሚ በስህተት ከተጠረጠረ ጤነኛ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ያ ውሳኔ ሳይጻፍ ፕሮግራሙ ሥራ መጀመር የለበትም።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ሚዛን አይበቃም። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል ይቸገራል። የውሃ ፈረቃ የሚያወጣ ሰው ደግሞ የፓምፕ ወጪን፣ የብክነትን መጠንና የኮረብታ ነዋሪን ድርሻ አብሮ ያስባል፤ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ይጎዳል። ካልያንሞይ ዴብና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት ዝነኛ ስልት ለእንዲህ ያለው ችግር አንድ መልስ አይሰጥም፤ አንዱን ጥቅም ሳይቀንሱ ሌላውን መጨመር የማይቻልባቸውን መልሶች ደርድሮ ምርጫውን ለሰው ይተዋል። ይህ ትሕትናው ደስ ያሰኛል።

ድክመቱም መነገር አለበት። ለ15 ጣቢያ ርቀት ብቻ ቢሆን ተመራማሪዎቹ ሄልድና ካርፕ በ1962 ያሳዩት ዘዴ ትክክለኛውን መልስ በፍጥነት ያወጣል፤ የዘረመል ስልተ ቀመር የሚያስፈልገው ጣቢያው ሲበዛ፣ ጭቃው፣ ሰዓቱና ነዳጁ ሲደራረብ ነው። ወልፐርትና ማክሪዲም በ1997 ለሁሉም ችግር አንደኛ የሚሆን የፍለጋ ዘዴ እንደሌለ በሒሳብ አረጋግጠዋል። ሌላው አደጋ የመልሶቹ ስብስብ ያለ ጊዜው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ አገሩን ሁሉ አንድ ዘር ከሸፈነው አንድ በሽታ እንደሚጨርሰው፣ የሚመሳሰሉ መልሶችም ቢዳቀሉ አዲስ ነገር አይወልዱም።

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ውጤቱን ከተራ የዘፈቀደ ፍለጋ ጋር ማወዳደር ይገባዋል። አንድ ጊዜ ብቻ አስሂዶ ያገኘውን ጥሩ ቁጥርም ማመን የለበትም፤ መነሻውን እየለወጠ 30 ጊዜ ያህል ይሞክረው። የመሣሪያ እጥረት ብዙ አያግደውም፦ አንዱ መልስ ሌላውን ሳይጠብቅ ስለሚመዘን በአንድ ላቦራቶሪ ያሉ 20 ተራ ኮምፒውተሮች ሌሊቱን ሥራውን ሊካፈሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ትውልድ ሲያበቃ ስብስቡ በፋይል ከተቀመጠም በ300ኛው ትውልድ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ሥራው ከ300ኛው ይቀጥላል።