የአሜሪካ ትናንት በጊዜ ተጓዦች ዓይን

ታሪካዊ ልብ ወለድ ያለፈ ዘመን ሰዎችን ኑሮ ይተርካል። የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ ደግሞ የዛሬን ሰው አንስቶ እዚያ ዘመን ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ተጓዡ ጦርነት መቼ እንደሚነሳና ማን እንደሚገደል አስቀድሞ ያውቃል። የት እንደሚያድር ግን አያውቅም። አሜሪካውያን ደራስያን ይህን መንገድ ከያዙ ቆይተዋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምቶቹ አንዱ ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1819 ያወጣው የሪፕ ቫን ዊንክል ታሪክ ነው። ሪፕ የሚሻገረው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው፤ ካትስኪል ተራራ ላይ 20 ዓመት ይተኛል። ሲተኛ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ነበር፤ ሲነቃ የአሜሪካ የነፃነት አብዮት አልፏል። የመንደሩ ማረፊያ ቤት ምልክት ላይ የንጉሥ ጆርጅ ፊት እንዳለ ነው፤ ልብሱ ግን ተቀይሮ ከሥሩ «ጄኔራል ዋሽንግተን» ተብሎ ተጽፏል። ምስኪኑ ሪፕ የንጉሡ ታማኝ ነኝ ሲል ሰዉ «ሰላይ!» ብሎ ይነሳበታል።

በ1970 የታተመው የጃክ ፊኒ ልብ ወለድ በናፍቆት የተሞላ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ሳይመን ሞርሊ ማሽን የለውም። ኒውዮርክ ውስጥ ሴንትራል ፓርክ ዳር ባለው ዳኮታ ሕንፃ፣ የድሮ ልብስ ለብሶ እንደ ድሮው እየኖረ፣ 1882 ላይ እንዳለ ራሱን ያሳምናል። በቃ፣ እዚያው ይገኛል። ማዲሰን አደባባይ ላይ የነፃነት ሐውልት ክንድ ችቦውን ይዞ ለብቻው ቆሟል። ይህ ፈጠራ አይደለም። ለሐውልቱ መቆሚያ ገንዘብ እንዲዋጣ ክንዱ ከ1876 እስከ 1882 እዚያ ለሕዝብ ታይቷል።

ስቲቨን ኪንግም በ2011 ባሳተመው ልብ ወለድ አንድ የሜይን መምህር ወደ 1958 ያሻግራል። መምህሩ የፕሬዝዳንት ኬኔዲን ግድያ ለማስቀረት አምስት ዓመት እዚያው እየኖረ ይጠብቃል። ዘመኑ ደስ ይለዋል፤ ምግቡ ሳይቀር ይጣፍጠዋል። ኪንግ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ሰውዬው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለጥቁሮች የተባለውን ሽንት ቤት ሲያይ፣ ወንዝ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ሆኖ ያገኘዋል።

ሳይመንም መምህሩም ነጭ ወንዶች ናቸው። ያለፈውን ዘመን መውደድ ይችላሉ። ኦክታቪያ በትለር በ1979 ባሳተመችው «ኪንድረድ» የምትጓዘው ግን ጥቁር ሴት ናት። በኔ እምነት ከዘርፉ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው መጽሐፍ ነው። ዳና በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር የ26 ዓመት ጸሐፊ ናት። ድንገት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወንዝ ዳር ራሷን ታገኛለች። አንድ ነጭ ልጅ እየሰመጠ ነው፤ ታወጣዋለች። ልጁ ሩፈስ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው። የእሷም ቅድመ አያት ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ ወደ እሱ ትሳባለች፤ እሷ ልሞት ነው ስትል ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሐረጓ የሚወርድባት ልጅ እስክትወለድ ሩፈስን በሕይወት ማቆየት አለባት። ልጅቷን የምትወልደው አሊስ የምትባል ጥቁር ሴት ደግሞ ከሩፈስ ጋር የሆነችው በፈቃዷ አይደለም። አንባቢውን የሚያንገበግበው ይህ ነው። የዳና ነጭ ባል ኬቨን አብሯት ተጉዞ አምስት ዓመት እዚያ ይቀራል። ለእሱ ዘመኑ የሚኖሩበት ነው፤ ለእሷ ጅራፍ ነው። የመጨረሻው ጉዞ ግራ እጇን ያስከፍላታል። በትለር ማሽን አላስገባችም፤ ጉዞው እንዴት እንደሚሆንም አታብራራም። ትክክል አድርጋለች። ማብራሪያ ቢኖር ኖሮ ዓይናችን ከባርነቱ ላይ ይነሳ ነበር።

ኮልሰን ዋይትሄድ በ2016 ሌላ ዘዴ ተጠቀመ። ባሪያዎችን ያስመልጥ የነበረውን የኅቡዕ መረብ ከመሬት በታች የሚሄድ እውነተኛ ባቡር አደረገው። መጽሐፉ በ2017 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

በፊልም በኩል የኛው ሰው ስም መነሳት አለበት። ጎንደር የተወለዱትና በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን አቀረቡ። ሞና የምትባል አሜሪካዊት ሞዴል ጋና፣ ኬፕ ኮስት ምሽግ ፎቶ ልትነሳ ትመጣለች። ምድር ቤቱ ውስጥ ስትገባ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል። አፍሪካዊት አይደለሁም ብላ ብትጮኽም የሚሰማት የለም፤ በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ከዚያ ሾላ ተብላ አሜሪካ ውስጥ በባርነት ትኖራለች፤ ቀስ በቀስም ከሚያምፁት ጋር ትሰለፋለች። ትልልቅ አከፋፋዮች ፊልሙን አልወሰዱትም። ኃይሌና አጋሮቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ተመልካቹም ጎረፈ። በኋላም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በፊልሙ ስም የመጻሕፍት መደብርና ካፌ ከፍተዋል።